ውሻውን ያዳነ ማሽን በሬውን ለምን አያድንም?
የኩላሊት እጥበት ፊዚክስ፣ ከቤተ ሙከራ ውሻ እስከ ጨፋ ከብት

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ የቦርከና ወንዝ የሚያረሰርሰው የጨፋ ረግረጋማ ሜዳ ይገኛል። በበጋ ወራት ሌላው ምድር ሲደርቅ የኦሮሞ፣ የአርጎባና የአፋር አርብቶ አደሮች ግመላቸውንና ከብታቸውን ይዘው ወደዚህ ሜዳ ይመጣሉ። በዚህ አካባቢ የአንድ በሬ ወይም የአንዲት ግመል መታመም የአንድ ቤተሰብ ሀብት መታመም ነው። ውሻም ቢሆን የግቢና የበረት ዘበኛ ነው።

በሌላው የዓለም ክፍል ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ውሻ ወደ ሐኪም ቤት ተወስዶ ደሙ በማሽን ታጥቦ እንደሚመለስለት የሰሙ ተማሪዎች ሁለት ጥያቄ ያነሣሉ። የመጀመሪያው «ይህ እንዴት ይቻላል?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ለውሻ ከተቻለ ለእኛ በሬና ግመልስ ለምን አይሆንም?» የሚል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የገንዘብ ጥያቄ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ከገንዘቡ አስቀድሞ የሚመጣ የፊዚክስ መልስ አለው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ጥያቄዎች በየተራ እንመለከታለን።

ኩላሊት ምን ይሠራል?

ኩላሊት፣ በአፋን ኦሮሞ «ካሌ»፣ ሽንት ከማመንጨት የሰፋ ሥራ አለው። የደምን ጨው፣ ውኃና አሲድ ይመጥናል፤ የደም ግፊትን ይቆጣጠራል፤ ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲመረቱ የሚያዝዝ ሆርሞንም ያመነጫል። የማጣራቱን ሥራ የሚሠሩት ኔፍሮን የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች ናቸው። በአንድ የሰው ኩላሊት 1 ሚሊዮን ያህል፣ በአንድ የውሻ ኩላሊት 400 ሺህ ያህል፣ በአንድ የድመት ኩላሊት ደግሞ 200 ሺህ ያህል ኔፍሮኖች አሉ። የጤነኛ ሰው ሁለት ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ከዚህ ውስጥ በሽንት የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ሲሆን ሌላው ወደ ደም ይመለሳል።

ኩላሊት ትልቅ መጠባበቂያ ያለው አካል ስለሆነ ጉዳቱ ቶሎ አይታወቅም። ከማጣራት አቅሙ ሦስት አራተኛ ያህሉ እስኪጠፋ ድረስ የተለመደው የዩሪያና የክሪያቲኒን ምርመራ ጉልህ ለውጥ ላያሳይ ይችላል። የኩላሊት ድክመት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በመርዝ፣ በተሕዋስያን ወይም በውኃ እጥረት ምክንያት በቀናት ውስጥ የሚከሠተው ድንገተኛው ነው። ሁለተኛው በወራትና በዓመታት የሚመጣው ሥር የሰደደው ነው። ድንገተኛው ጊዜ ካገኘ ሊያገግም ይችላል። ለእንስሳት የሚደረግ የደም እጥበት ዋና ዓላማም ይህንኑ ጊዜ መግዛት ነው። ማሽኑ ኩላሊትን አይፈውስም፤ ኩላሊቱ ራሱን እስኪጠግን ድረስ እንስሳው በመርዝ እንዳይሞት ያደርጋል።

የዩሪያ ጉዞ

ዩሪያ የሚለውን ስም ገበሬው ከማዳበሪያ ያውቀዋል። በሰውና በእንስሳት አካል ፕሮቲን ሲፈርስ የሚፈጠረውና በሽንት የሚወጣው ዩሪያም ያው አንድ ዓይነት ሞለኪውል ነው። ሞለኪውላዊ ክብደቱ 60 ነው። አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ክብደት ግን 66 ሺህ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ዩሪያን የሚያሳልፉ፣ አልቡሚንንና የደም ሕዋሳትን የሚከለክሉ ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ገለፈት ካገኘን ደምን ማጠብ እንችላለን። በገለፈቱ አንድ ወገን ደም፣ በሌላው ወገን ዩሪያ የሌለበትና የጨው መጠኑ የተመዛዘነ ንጹሕ ፈሳሽ ይፈስሳል። ዩሪያው ከበዛበት ወደ አነሰበት በራሱ ይሻገራል። ይህ እንቅስቃሴ ዲፊዩዥን ይባላል፤ ሕጉንም አዶልፍ ፊክ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1855 አስቀምጦታል።

ዲፊዩዥን የሚገፋው ሞተር አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ርቀትን አይወድም። ለመጓዝ የሚፈጅበት ጊዜ ከርቀቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ርቀቱ በ10 እጥፍ ቢጨምር ጊዜው በ100 እጥፍ ይጨምራል። ዩሪያ በረጋ ውኃ ውስጥ 0.1 ሚሊ ሜትር ለመጓዝ 4 ሴኮንድ ገደማ ይበቃዋል። 1 ሴንቲ ሜትር ለመጓዝ 10 ሰዓት ያህል፣ 10 ሴንቲ ሜትር ለመጓዝ ደግሞ 40 ቀን ያህል ይፈጅበታል።

የእጥበት መሣሪያው ቅርጽ የተወሰነው በዚህ ስሌት ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ማጣሪያ የፕላስቲክ ሲሊንደር ነው፤ በውስጡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ክፍት ጭራዎች ታጭቀዋል። የእያንዳንዱ ጭራ ውስጣዊ ስፋት 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በመሆኑም ከጭራው መሐል ያለች የዩሪያ ሞለኪውል ወደ ግድግዳው ለመድረስ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀራታል። የጭራዎቹ ግድግዳ ቢዘረጋ ለአዋቂ ሰው በሚሠራው ማጣሪያ ከ1 እስከ 2 ካሬ ሜትር ይሸፍናል።

ከውሻ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ውሻ

«ዲያሊሲስ» የሚለውን ቃል ለዚህ ዓይነቱ መለየት የሰጠው ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ ግራሃም ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 እንደ ጨውና ስኳር ያሉት ነገሮች በተዘጋጀ የብራና ወረቀት በኩል ሲያልፉ እንደ ሙጫ ያሉት እንደማያልፉ አሳየ። ይህን ሐሳብ በሕያው አካል ላይ ለመፈተን ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ወስዷል።

እ.ኤ.አ. በ1913 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጆን አቤልና ባልደረቦቹ የውሻን ደም ከሰውነት አውጥተው፣ ኮሎዲየን ከተባለ ንጥረ ነገር በተሠሩ ቱቦዎች አሳልፈው፣ መልሰው ወደ ውሻው አስገቡት። በደሙ ውስጥ የነበረ መድኃኒትም በገለፈቱ በኩል መውጣቱን አረጋገጡ። ትልቁ ችግራቸው ደም ከሰውነት እንደወጣ መርጋቱ ነበር። መፍትሔውን ያገኙት ከአልቅት ነው። ከብት ውኃ ሲጠጣ አፉ ውስጥ የሚጣበቀውን አልቅት የአገራችን እረኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ የነከሰው ቦታም ቶሎ ደሙ አይቆምም። ምክንያቱ በምራቁ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር መኖሩ ነው። የአቤል ቡድን ከሕክምና አልቅት የተገኘውን ሂሩዲንን ተጠቀመ። በኋላ ቦታውን ሄፓሪን የተባለው መድኃኒት ወሰደ።

እጥበቱ ከውሻ ወደ ሰው የተሻገረው በጀርመናዊው ጌኦርግ ሃስ እጅ እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ሆላንዳዊው ቪለም ኮልፍ ደግሞ አገሩ በናዚ ጀርመን በተያዘችበት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ የቋሊማ መሸፈኛ ይሆን ከነበረው ሴሎፌን የሚሽከረከር ማሽን ሠራ። ከብዙ ያልተሳኩ ሙከራዎች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1945 አንዲት የ67 ዓመት ሴት ከሞት ተረፉ። እ.ኤ.አ. በ1960 ቤልዲንግ ስክሪብነር በሲያትል ከተማ በክንድ ላይ የሚቆይ የቴፍሎን ቱቦ ሲያዘጋጅ፣ ሕሙማን በየሳምንቱ ደጋግመው መታጠብ የሚችሉበት መንገድ ተከፈተ።

ውሻ ከፈልና ሰው ከዳነ በኋላ ቴክኖሎጂው ወደ ውሻ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ በእንስሳት ሐኪሙ በላሪ ካውጊል መሪነት ለውሾችና ለድመቶች መደበኛ የደም እጥበት አገልግሎት ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ ተመሳሳይ ማዕከላት ተቋቁመዋል።

ውሻው በማሽኑ ላይ

በሰው ክንድ ላይ የሚሠራው ዓይነት የደም ሥር ቅጥያ ለውሻ አይመችም። ስለዚህ በአንገቱ ትልቅ የደም ሥር ባለ ሁለት ቦይ ቱቦ ይገባለታል፤ በአንዱ ቦይ ደም ይወጣል፣ በሌላው ይመለሳል። ውሻው ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ ለሰዓታት ይቆያል። ብዙዎቹ ማደንዘዣ ሳያስፈልጋቸው በጸጥታ ይተኛሉ።

ወደዚህ ሕክምና ከሚያደርሱት ምክንያቶች አንዱ ሌፕቶስፓይሮሲስ ነው። ይህ በሽታ በአይጥና በሌሎች እንስሳት ሽንት በተበከለ ውኃና እርጥብ አፈር የሚተላለፍ፣ ሰውንም የሚይዝ ነው። ሌላው ለመኪና ራዲያተር የሚጨመረው ኤቲሊን ግላይኮል ያለበት ፀረ በረዶ ፈሳሽ ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይልሰዋል። ወይንና ዘቢብም ለውሻ ኩላሊት መርዝ ሊሆኑ ይችላሉ። የኤቲሊን ግላይኮል ክብደት 62 በመሆኑ ልክ እንደ ዩሪያ በገለፈቱ ያልፋል። ስለዚህ ውሻው ፈጥኖ ከደረሰ ማሽኑ መርዙን ራሱን አውጥቶ ይጥለዋል።

ውጤቱ እንደ መንሥኤው ይለያያል። በሌፕቶስፓይሮሲስ ኩላሊታቸው ተጎድቶ እጥበት ከተደረገላቸው ውሾች ከአሥሩ ስምንቱ ያህል መዳናቸውን የካሊፎርኒያ ሐኪሞች ዘግበዋል። ድንገተኛ የኩላሊት ድክመትን በጠቅላላው ስንወስድ ግን የሚተርፉት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ወጪውም በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይገመታል።

ድመት፣ ውሻና በሬ በአንድ ስሌት

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ዩሪያ በደም ብቻ ሳይሆን በሰውነት ውኃ ሁሉ ተሠራጭቶ ይገኛል። የሰውነት ውኃ ደግሞ የክብደት 60 በመቶ ያህል ነው። ማሽኑ በደቂቃ 200 ሚሊ ሊትር ደም ሙሉ በሙሉ ከዩሪያ ያጸዳል እንበል። የዩሪያው መጠን እንደ ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገር በግማሽ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ግማሽ ለመሆን የሚፈጀው ጊዜም የሰውነት ውኃ በደቂቃ ለሚጸዳው መጠን ተካፍሎ በ0.69 ሲባዛ ይገኛል።

4 ኪሎ ግራም ለምትመዝን ድመት የሰውነት ውኃ 2.4 ሊትር ነው፤ ግማሽ ጊዜው 8 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። 20 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ውሻ 12 ሊትር ነው፤ ግማሽ ጊዜው 41 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። 300 ኪሎ ግራም ለሚመዝን በሬ ግን 180 ሊትር ነው፤ ግማሽ ጊዜውም ከ10 ሰዓት በላይ ነው። 450 ኪሎ ግራም ለምትመዝን ግመል ከ15 ሰዓት ይበልጣል። ይህም እንስሳው በዚያው ጊዜ አዲስ ዩሪያ የሚያመነጭ መሆኑን ሳንቆጥር ነው። ለሰው የተሠራ ማሽን በሬን ለማጠብ ቀንና ሌሊት መሥራት፣ በሬውም ይህን ሁሉ ጊዜ ሳይነቃነቅ መቆም ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ1993 ከካሊፎርኒያ የወጣ አንድ የሕክምና ዘገባ የፈረስ እጥበትን ይገልጻል፤ ታካሚው ግን አዲስ የተወለደ ውርንጭላ ነበር። ውርንጭላ ከአንድ ሰው ክብደት ብዙ አይርቅም።

ትንሽነትም የራሱ ችግር አለው። የዚያች ድመት ጠቅላላ ደም 240 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ቱቦውና ማጣሪያው 60 ሚሊ ሊትር ቢይዙ ከደሟ አንድ አራተኛው ከሰውነቷ ውጭ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ለሕፃናት የሚሠሩት ትናንሽ ማጣሪያዎች ይመረጣሉ፤ አንዳንዴም ቱቦው አስቀድሞ በለጋሽ እንስሳ ደም ይሞላል።

ፈጥኖ ማጠብም አደጋ አለው። ከደም ዩሪያ በፍጥነት ሲወጣ ከአንጎል የሚወጣው ወደ ኋላ ይቀራል። ያን ጊዜ ውኃ በኦስሞሲስ ወደ አንጎል ይሳባልና አንጎል ያብጣል። ተማሪዎች ይህን በእንቁላል መሞከር ይችላሉ። ጥሬ እንቁላል በኮምጣጤ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ቢዘፈዘፍ ቅርፊቱ ሟሙቶ ገለፈቱ ብቻ ይቀራል። ይህን እንቁላል ንጹሕ ውኃ ውስጥ ብናስቀምጠው ያብጣል፤ ወፍራም የስኳር ውኃ ውስጥ ብናስቀምጠው ደግሞ ይኮማተራል። እጥበት በሚደረግለት ውሻ አንጎል የሚፈራው ማበጥም ከዚሁ የተለየ አይደለም። ስለዚህ እጅግ በታመመ ውሻ ላይ የመጀመሪያው እጥበት ሆን ተብሎ ዝግ እንዲል ይደረጋል።

ስድስት ጀሪካን ውኃ

ማጠቢያው ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር ይፈስሳል። በ4 ሰዓት 120 ሊትር፣ ማለትም ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። ይህ ውኃ የመጠጥ ውኃ መሆኑ ብቻ አይበቃውም። ከደም የሚለየው ስስ ገለፈት ብቻ ስለሆነ ውኃው እጅግ መጣራት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1996 በብራዚል ካሩዋሩ ከተማ በአንድ የእጥበት ማዕከል፣ በውኃ ውስጥ ከበቀሉ ሲያኖባክቴሪያ በወጣ መርዝ ምክንያት ከ50 የማያንሱ ሰዎች ሞተዋል። ከማሽኑ በፊት ውኃ ማጣሪያ፣ ከማጣሪያው በፊት የማይቋረጥ ውኃና መብራት ያስፈልጋል።

በአገራችን ለሰው የሚሰጠው አገልግሎት ራሱ ገና ወጣት ነው። ለሥር ሰደድ ሕሙማን የሚደረገው ተከታታይ እጥበት በአዲስ አበባ በአንድ የግል ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። የኩላሊት ንቅለ ተከላም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሯል። ወጪው እስከ ዛሬ ለብዙ ቤተሰብ ከአቅም በላይ ነው። ታዲያ የእንስሳት እጥበትን ማወቅ ለከሚሴ ምን ይጠቅማል? ጥቅሙ ማሽኑን በማስመጣት ሳይሆን ማሽኑ ካስተማረው ትምህርት ይገኛል።

ግመል የያዘችው ዕውቀት

ሰኞ ሰኞ በባቲ ገበያ የሚሰለፉት ግመሎች ከማንኛውም ማሽን የላቀ ኩላሊት አላቸው። ግመል ከክብደቷ ሩብ የሚሆን ውኃ አጥታ በሕይወት ትቆያለች፤ ሽንቷንም እጅግ ታወፍራለች። ዩሪያን ደግሞ እንደ ቆሻሻ ብቻ አታየውም። በግመል፣ በከብት፣ በበግና በፍየል ከደም የሚወጣው ዩሪያ ከፊሉ በምራቅና በጨጓራ ግድግዳ በኩል ወደ ሆድ ይመለሳል። በዚያ ያሉ ተሕዋስያን ወደ ፕሮቲን ይለውጡታል፤ እንስሳውም መልሶ ይመገበዋል። በዚህ ምክንያት በሚያመሰኩ እንስሳት የዩሪያ ምርመራ ብቻውን ሐኪሙን ሊያዘናጋ ስለሚችል ክሪያቲኒንም አብሮ ይታያል።

ነገር ግን ይህም ጥበብ ወሰን አለው። ውኃ ሲጠፋ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። በዚያ ሰዓት ኩላሊትን የሚጎዳ መድኃኒት ቢሰጥ በትንሽ ደም ውስጥ ብዙ መርዝ ይከማቻል። ከላይ የጠቀስነው ውርንጭላ ለእጥበት የበቃው በኦክሲቴትራሳይክሊን ምክንያት ነበር። ኦክሲቴትራሳይክሊን በአገራችን ለከብት በብዛት ከሚሰጡት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች አንዱ ነው። በተገቢው መጠን ሲሰጥ ጠቃሚ ነው፤ መጠኑ ሲያልፍ፣ በተለይም ውኃ ባነሰው እንስሳ ላይ፣ ኩላሊትን ሊገድል ይችላል። ጄንታማይሲንም እንዲሁ ነው።

ከመርፌው በፊት ውኃ

በበጋ ረዥም መንገድ ተጉዞ ጨፋ የደረሰ በሬ ራሱን ደፍቶ ቢታይ፣ ባለቤቱ በመጀመሪያ የሚያስበው መርፌን ነው። የኩላሊት ፊዚክስ ግን ቅደም ተከተሉን ይገለብጣል። በመጀመሪያ ውኃ ይጠጣ፤ መጠጣት ካልቻለ ሐኪሙ በደም ሥር ወይም በሆድ ቱቦ ፈሳሽ ይስጠው። ቀጥሎ ክብደቱ በዓይን ግምት ሳይሆን በደረት ዙሪያ መለኪያ ይታወቅ፤ መድኃኒቱም በዚያው ልክ ይመጠን። ከዚያ በኋላ ይሸና እንደሆነ ይታይ። ወንድ በግ፣ ፍየል ወይም በሬ ቆሞ እያማጠ የማይሸና ከሆነ የሽንት መውጫው በጠጠር ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና ቶሎ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ለዚህ ዓይነቱ እንስሳ መዳኛው መዘጋቱን ማስወገድ ነው።

ለውሻና ለትናንሽ እንስሳትም ያለ ማሽን የሚሠራ ሌላ እጥበት አለ። የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ገለፈት ራሱ ማጣሪያ ይሆናል፤ ንጹሕ ፈሳሽ በቱቦ ወደ ሆድ ገብቶ፣ ቆይቶ፣ ዩሪያን ይዞ ይወጣል። ከደም እጥበት የዘገየ ነው፤ ንጽሕናውም ጥብቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሆኖም የሰለጠነ ሐኪም በትንሽ ክሊኒክ ሊሠራው ይችላል። በቢሾፍቱ፣ በጎንደርና በደሴ በሚገኙት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ወጣቶች ይህ የሚያስመኝ የምርምር መስክ ነው።

ለተማሪዎች የምንተወው ትምህርት አጭር ነው። የ20 ኪሎ ውሻን ግማሽ ዩሪያ በ41 ደቂቃ የሚያወጣ ማሽን ለ300 ኪሎ በሬ ከ10 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ይህን ልዩነት ገንዘብ ብቻውን አያጠፋውም። በሬውን የሚያድነው ኩላሊቱ ሳይወድቅ በፊት የሚደረገው ነገር ነው። ጨፋ ላይ ደግሞ ከመርፌ ቀድሞ የሚቀርብ አንድ ገንዳ ውኃ ከማሽኑ ይልቅ ብዙ ከብት ያድናል።